ጉዳይ የማይሰማ ሸንጎ

በሜሪላንድ የምኖርበት ካውንቲ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን የሚገመግም የነዋሪዎች ፓነል እንዳለው የሰማሁት በአጋጣሚ ነው። የገባሁት ግን በንዴት ነው። ማመልከቻው ላይ “ልጆችን ለመርዳት፣ ማኅበረሰቤን ለማገልገል” ብዬ ጽፌያለሁ፤ ውሸት አልነበረም። የልቤ ግን ሌላ ነበር። በአንዲት እናት ላይ የተሠራውን ሥራ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ “ይኼ ነው ሕግ የምትሉት?” ልላቸው ነበር የፈለግኩት። በቀል ብትሉትም አልቀየምም።

እናትየውን የማውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ያኔ ትልቋ 11፣ ትንሿ 7 ዓመቷ ነበር። አባታቸው ሌላ ግዛት ሄዶ ቀርቷል። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ማታ ልጆቹን አብልታ፣ አጣጥባ፣ አስተኝታ ትወጣለች፤ ስልክ በትልቋ ትራስ ሥር ታኖርላታለች። ንጋት ላይ ተመልሳ ጸጉራቸውን ሠርታ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሞግዚት እንዳትቀጥር፣ ለአንድ ሌሊት የምትጠየቀው በዚያው ሌሊት ከምታገኘው ብዙም አይተናነስ። አገር ቤት ቢሆን የ11 ዓመት ልጅ ታናሿን ብትጠብቅ ማን ነውር ይለዋል? እዚህ አንድ ሰው ጠቆመ። ማን እንደጠቆመ አይነገርም፤ ሕጉ የጠቋሚውን ማንነት ይሸሽጋል።

አንድ ምሽት ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ሶሻል ወርከርና ፖሊስ በሩን አንኳኩ። የእናትየው እንግሊዝኛ ለሥራዋ ይበቃታል፤ “ትራስ ላምጣልዎት? መድኃኒትዎን ዋጡ?” ለማለት አያንሳትም። ለእንዲህ ያለው ጣጣ ግን አይሆንም። ሶሻል ወርከሩ በስልክ አስተርጓሚ መጥራት ይችል ነበር። አልጠራም። ትልቋ ልጅ አፏን የፈታችው እዚህ ነውና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ “ለእናትሽ ንገሪልኝ” አላት።

“እትዬ፣” አለችኝ እናትየው በኋላ ስትነግረኝ፣ “ልጄ ስለ ራሷ የተጠየቀችውን ራሷ ናት ያስተረጎመችው። ‘ሌሊት ብቻችሁን ስትሆኑ ትፈሪያለሽ?’ ብሏት ኖሯል። እሷ ዝም ብላ እኔን ታየኛለች። እኔ ምን እንደተባለ አላውቅ! ‘ሰውዬው ቆሞ እየጠበቀሽ መልሺለት እንጂ፤ ምን ታፈጥጪብኛለሽ?’ ብዬ ተቆጣኋት።”

ልጅቷ ደግሞ ታሳጥር ነበር። ሰውዬው ረዘም አድርጎ ሲናገር “ምንም አይደለም ነው የሚለው፣ እማዬ” ትላለች። እናትየው ረዘም አድርጋ ስትናገር በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች። ሁለቱንም ላለማስቀየም የምትጣጣር የ11 ዓመት ልጅ! በመጨረሻ ወረቀት ቀረበ፤ እናትየው ፈረመች። መጥተው ማየታቸውን የሚገልጽ ወረቀት መስሏት ነበር። ወረቀቱ የደኅንነት ስምምነት ነው፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ልጆቹን ያለ አዋቂ ጥላ እንደማትወጣ የገባችበት ቃል። በሳምንቱ የሚጠብቅላት ሰው አጥታ እንደ ልማዷ ወጣች። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ የተጻፈችው ሕግ ያላወቀች እናት ተብላ አይደለም፤ በፊርማዋ የገባችውን ቃል ያፈረሰች ሆና ነው።

ልጆቹ አልተወሰዱባትም። ጎረቤቷ የሆኑ አንዲት ኤርትራዊት አሮጊት ሌሊት እየመጡ ያድሩላት ጀመር፤ ነገሩም የረገበ መሰለ። ቆይቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። እሷም ከመብራትና ከስልክ ሂሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የምሠራው የሕፃናት መዋያ ውስጥ ነው፤ ሰው ሲፈለግ፣ ከሌሊት ሥራ ትገላገል ብዬ ፎርም አስሞላኋት። መዋያ የሚገባ ሠራተኛ ከመቀጠሩ በፊት ስሙ በሕፃናት ጥቃትና ቸልተኝነት መዝገብ ይፈተሻል። የእሷ ስም መዝገቡ ላይ ተገኘ።

ሕጉን እዚህ ላይ ልናገረው፤ ብዙው ወገን አያውቀውምና። በሜሪላንድ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቤት ውስጥም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ የሚጠብቀውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ይህን የጣሰ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል፣ ወይም እስከ 30 ቀን ይታሰራል፣ ወይም ሁለቱንም ያገኛል። ጥቆማ ሲደርስ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ በ24 ሰዓት፣ ቸልተኝነት ከሆነ በ5 ቀን ውስጥ ማጣራት ይጀመራል። መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው፤ ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ ወይም ለመወሰን የሚበቃ ማስረጃ የለም፣ ወይም ከናካቴው አልተፈጸመም። “ተፈጽሟል” የተባለበት ሰው ይግባኝ ማለት የሚችለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የእኛዋ እናት 60 ቀኑ ያለፈው “ተፈጽሟል” የሚለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ነው።

ሁልጊዜ ከአእምሮዬ የማይጠፋ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። በ2014 መጨረሻና በ2015 ጸደይ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የ10 እና የ6 ዓመት ልጆች ብቻቸውን በእግር ሲሄዱ ፖሊስ አግኝቷቸው ወላጆቻቸው ላይ ምርመራ ተከፈተ። ወላጆቹ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻችን በራሳቸው እንዲተማመኑ ብለን ነው ብለው ተሟገቱ፤ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ተቀባበለው፤ ወሬው ባሕር ተሻገረ። በመጨረሻ ከቸልተኝነት ውንጀላው ነጻ ሆኑ። የግዛቱ መሥሪያ ቤትም ልጅ ብቻውን በመንገድ ስለታየ ብቻ፣ ጉዳት ካልደረሰበት ወይም ከባድ አደጋ ካላሰጋው፣ የምርመራ ጉዳይ እንደማይሆን መመሪያውን አብራራ። ጥሩ አደረጉ። ሌሊት ጥሎ መውጣትና ቀን ብቻቸውን በእግር መስደድ አንድ ነው እያልኩም አይደለም። ግን እነዚያ ወላጆች የደረሳቸውን ደብዳቤ አንብበው ተረድተውታል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በፋይል ይዤ ነው ወደ መጀመሪያው ስብሰባ የሄድኩት። ማታ ነው፤ የካውንቲው ሕንፃ ውስጥ ያለ ተራ የስብሰባ ክፍል። ሰብሳቢዋ የሕፃናት ክሊኒክ ነርስ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ጠበቃ፣ በፎስተር (ጊዜያዊ አሳዳጊ) ቤት ያደገ ወጣት፣ ብዙ የፎስተር ልጆች ያሳደጉ ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት። ሁሉም በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ናቸው። ከመሥሪያ ቤቱም ለጥያቄ መልስ የሚሰጡ ኃላፊ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ ፋይሌን ከፈትኩና “አንዲት እናት…” ብዬ ጀመርኩ።

ሰብሳቢዋ በትሕትና አስቆሙኝ። እዚህ የግለሰብ ጉዳይ አይሰማም፤ የማንም ስም አይነሳም፤ በሥራው የምናገኘውን የቤተሰብ ምሥጢር ብናወጣ ቅጣት አለው፤ እባክሽ ይህን ፈርሚ አሉና ወረቀት ገፉልኝ። እኔም፣ አንብቤ፣ ፈረምኩ። የቀረውን ሰዓት ምን እንደተወራ አላስታውስም። ጉዳይ የማይሰማ ሸንጎ ምን ዓይነት ሸንጎ ነው? እያልኩ በውስጤ ስብከነከን አመሸሁ።

እኛ ያደግነው በሽምግልና ነው። ሰው ሲበደል ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ወገን ይሰማል፤ ያጠፋ ይገሰጻል፣ ይክሳል፤ ይታረቃሉ። አቤቱታ ከነስሙ፣ ከነእንባው፣ ከነታሪኩ ነው የሚቀርበው። ስሙ ከወጣማ ምኑን አቤቱታ ሆነ? ስለዚህ ያን ማታ ልተወው ቆርጬ ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ እኚያ የፎስተር ልጆች ያሳደጉት አዛውንት ደረሱብኝ። በራቸውን ከፍተው አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ነው ዞር ብለው የተናገሩት። “የአንዲት እናት ጉዳይ ይዘሽ ስትመጪ አዝነው ይሸኙሻል። ስንት እናት እንደሆነች ጠይቂያቸው። ስንት ሲባሉ ነው መዝገብ የሚያገላብጡት።” ብለውኝ ሞተር አስነሱ።

ቤቴ ገብቼ ፋይሉን እንደገና አወጣሁት። ስሟን ሰረዝኩ። ቤተ ክርስቲያኗን፣ ባሏን፣ ኤርትራዊቷን ጎረቤት ሰረዝኩ። ሰውዬው እንዴት እንደቆመ፣ ልጅቷ እንዴት እንዳየቻት፣ ይህን ስሰርዝ እጄ እንቢ አለኝ፤ ግን ሰረዝኩት። የቀረልኝ ይኼ ነበር፦ ባለፈው ዓመት እንግሊዝኛ የማይነገርባቸው ስንት ቤቶች ተንኳኩ? በስንቱ አስተርጓሚ ተጠራ? በስንቱስ ልጅ አስተረጎመ? ከዚያ ደግሞ፣ የውሳኔ ደብዳቤ በስንት ቋንቋ ይጻፋል?

ስለዚህ ፓነል ትንሽ ልበል። ሕፃናትን ከጥቃት ለመከላከል የወጣው የፌዴራል ሕግ የ1974 ነው። በ1996 ሲሻሻል፣ የፌዴራሉን ገንዘብ የሚቀበል ግዛት ሁሉ ቢያንስ ሦስት የዜጎች ገምጋሚ ፓነሎች እንዲያቋቁም ታዘዘ፤ ለትናንሾቹ አንድ ይበቃቸዋል ተባለ። ቢያንስ በየሦስት ወሩ መሰብሰብ፣ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚወጣ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታቸው ነው። በ2003 ማሻሻያ ደግሞ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ግዛቱ ለሪፖርቱ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ተደነገገ። ሜሪላንድ ሦስቱን ፓነሎች በግዛት ደረጃ አቋቁማለች፤ አንዱ የሕፃናትን ሞት መርማሪ ነው። በካውንቲ ደረጃም የአካባቢ ፓነሎች አሉ።

ሥልጣን? የላቸውም። በጀት የላቸውም፣ ማንንም አያዙም፣ ማንንም አያባርሩም። ያላቸው ጥያቄ መጠየቅና የጽሑፍ መልስ መቀበል ብቻ ነው። መጀመሪያ ይህን ሳነብ ስቄያለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄዬን አነበብኩ። ኃላፊዋ ሰው የሚያናንቁ አልነበሩም፤ ወረቀታቸውን አገላብጠው፣ “አንመዘግበውም” አሉ። በቃ። ቅጹ ላይ የቤተሰቡ ቋንቋ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ማን እንዳስተረጎመ የሚጻፍበት የለም። የስልክ አስተርጓሚ ውል እንዳለ፣ ሂሳቡም በየወሩ እንደሚከፈል ነገሩን። “የአማርኛው ስንት ደቂቃ ነው?” ብለው ዳኛው ጠየቁ። ደቂቃው ተቆጥሮ መጣ። አንዲት እናት ከነልጆቿ በደንብ ቢነጋገሩበት የሚያልቅ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። እንግዲህ ወይ በካውንቲው አማርኛ ተናጋሪ ቤት አልተንኳኳም፣ ወይ ሌላ ሰው እያስተረጎመ ነው። ይህን ማንም አልተናገረውም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን ገባው።

በሕይወቴ ከጩኸት በላይ የሠራ ዝምታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስሟን ብጠራ ኖሮ ኃላፊዋ “ጉዳዩን አላውቀውም፣ አዝናለሁ” ብለው ይገላገሉ ነበር። “አንመዘግበውም” ካሉ በኋላ ግን መገላገያ የለም።

ንዴቴን ያበረደው ሌላ ነገር ነው። ፓነሉ ቤት ለቤት የሚሄዱትን ሠራተኞች ሊያነጋግር ጠራቸው። ከመጡት አንዷ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። ለምን አስተርጓሚ እንደማይጠራ ስትጠየቅ ሰበብ አልደረደረችም። “ደጃፍ ላይ ቆመሽ፣ ፖሊሱ ሰዓቱን እያየ፣ ስልኩ ላይ ሙዚቃ ትሰሚያለሽ። አስተርጓሚው ሲገኝ ድምፁ ይቆራረጣል። ልጁ ደግሞ አጠገብሽ ቆሞ አጥርቶ ያወራል” አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጆች እንዲያስተረጉሙ ባደረገች ማታ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ጨመረች። ከዚህች ልጅ ጋር ምን ዓይነት ጠብ ይኖረኛል? እኔ ዓይኑን እያየሁ ልሰድበው የመጣሁት ሰው ምናልባት እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። እኔም ደውዬ አውቃለሁ።

የመዋያ ሠራተኛ ጥቃት ሲጠረጥር የመጠቆም ግዴታ አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ግዴታው በሕጉ መሠረት የማንኛውም ሰው ነው፤ አስተማሪና ሐኪም ላይ ግን ይበልጥ ይጠብቃል። አንድ የሐበሻ ልጅ እጅጌውን ስሰበስብለት፣ እጁን ልናስታጥበው፣ ክንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ቀጭን መስመር አየሁ። የታጠፈ የቻርጀር ገመድ እንዲያ ነው የሚተወው። አዲስም ያረጀም ነበር። ሕጉ ወላጅ በመጠኑ መቅጣቱን አይከለክልም፤ ይህ ግን ከመጠኑ ያለፈ ነው። ደወልኩ። በማግሥቱ ጠዋት እናቱ ልጁን አምጥታ “እንደምን አደርሽ” ስትለኝ “እግዚአብሔር ይመስገን” አልኳት። ስለ እኔ አላወቀችም፤ እስከ ዛሬም አታውቅም። ደግሞ ቢያጋጥመኝ ደግሜ እደውላለሁ።

በእኛ ሰፈር “ስቴት ልጅ ይነጥቃል” ይባላል። እኔም ሳልደውል በፊት እል ነበር፤ ከደወልኩ በኋላም ሰው ፊት ብያለሁ። እውነቱ ግን በመሐል ነው። በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ጉዳያቸው ይጣራል፤ ወደ ፎስተር የሚገቡት ከ200 ሺህ በታች ናቸው። ተጎድተዋል ከተባሉት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተባለላቸው ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነት ውስጥ ድህነቱም፣ የሌሊት ፈረቃውም፣ የሞግዚት ክፍያውም አለ። በሌላ በኩል፣ በ2011 በዋሽንግተን ግዛት፣ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጣች የ13 ዓመት ገደማ ልጅ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ በብርድና በረሃብ መሞቷን እናስታውሳለን። ቤት ውስጥ ነበር የምትማረው፤ መምህር አላያትም፣ ነርስ አላያትም፣ የደወለ ሰው በጊዜ አልደረሰላትም። አሳዳጊዎቿ በ2013 ተፈረደባቸው። የእኛ ሰው ፍርድ ቤቱን ሞልቶ አለቀሰ። ያቺ ልጅ እያለች በሩን ያንኳኳ ሶሻል ወርከር ቢኖር ስንቶቻችን በመረቅነው!

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋ ከሚሉትም ጋር አይደለሁም፤ እንዳለ ይኑር ከሚሉትም ጋር አይደለሁም። ሲያንኳኳ ምን እንደሚል፣ በማን አፍ እንደሚል ይታወቅ፤ ይኼው ነው።

በዓመቱ ሪፖርት ላይ ሐሳባችን ገባ፦ ማን እንዳስተረጎመ ቅጹ ላይ ይመዝገብ፤ ልጅ አያስተርጉም፤ የውሳኔው ደብዳቤ ይግባኝ እንዳለውና ቀን እንደሚቆጠርበት በቤተሰቡ ቋንቋ የሚናገር ገጽ ይኑረው። አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በትውልድ አገር ምክንያት ሰው እንዳያገል የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ያዝዛል፤ ቋንቋም በዚያ ሥር ሲታይ ኖሯል። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ድንበሩን በእግር ተሻግሮ የሚገኘውን መብት እኛ ለምን እናጣለን አልን።

መልሱ በጽሑፍ መጣ። “የፓነሉን ሐሳብ እናደንቃለን፤ በመጠናት ላይ ነው።” ይህን ዓይነት ደብዳቤ አገር ቤት የቀበሌ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ ይኼኛው ለሕዝብ የሚወጣ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ሪፖርት ያንኑ ጥያቄ፣ ከነመልሳቸው፣ ደግመን አተምነው። “በመጠናት ላይ ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ደስ የሚል መልክ የለውም። የካውንቲው ምክር ቤት አባል አንዷ አንብባው ደውላ ጠየቀች። ቅጹ ላይ ቦታው ተጨመረ። ልጅ እንዳያስተረጉም፣ ሕይወት ላይ የተደቀነ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ መመሪያ ወጣ። የደብዳቤው ገጽ ግን ከሁሉ ዘገየ፤ አማርኛውን አስተካክዪ ተብዬ ሲላክልኝ “ይግባኝ” የሚለው ቃል ራሱ የለበትም ነበር። አስገባሁት።

ቀጥሎ ያነሣነው ከዚህ የከበደ ነበር። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ፎስተር ከቆየ፣ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲሰረዝ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዛል፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር። ሐሳቡ ልጅ ያለ ቤት እንዳይንከራተት ነው፤ መልካም ነው። ግን ፍርድ ቤቱ ወላጅን “የወላጅነት ኮርስ ጨርሰህ ና” ሲል፣ ኮርሱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ከሆነ፣ የአማርኛው ተራ እስኪደርስ ወራቱ ይቆጠራሉ። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነው የሚሮጠው፤ መንገዱ ግን እኩል አይደለም። ይህንንም ስንት ብለን ጠየቅን። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ የጥቂት ቤተሰብ። ለእነዚያ ጥቂቶች ግን ዓለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቱን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። በአማርኛ የሚያስተምር የሠለጠነ ሰው ፈልገን አጣን ሲሉ እውነታቸውን ነበር። የእኛ ማኅበረሰብ እድር አለው፣ እቁብ አለው፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አለው፣ ነርስና መምህር ሞልቶታል። አገር ቤት በኤችአይቪው ዘመን እናት አባት የሞተባቸውን ልጆች የደገፉ እድሮች እኮ ናቸው፤ ቀብር ብቻ አልነበረም ሥራቸው። እዚህ ግን ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ሕግ በአዳራሽ ለመነጋገር ሰው ስንጠራ፣ “ምነው፣ የእኔን ስም ማን አነሣ?” ብሎ የሚደነግጠው ይበዛል። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ሥልጠናውን ወስደው ለማስተማር እሺ እስኪሉ ድረስ ስንት ሰው ለመንኩ! እሳቸውም የተስማሙት “ፖሊስ እንዳይመስልብኝ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ነው የማስተምር” ብለው ነው። ለብሰውም ያስተምራሉ።

የእናትየው ነገር? አልተለወጠም። ፓነሉ ያለፈ ውሳኔ አያነሣም፤ ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። ዛሬም የምትሠራው ሌሊት ነው፤ ልጆቹ ግን አድገዋል። ስለ እሷ ብዬ የጀመርኩት ነገር ለእሷ ምንም አልፈየደላትም፤ ይህንም ነግሬያታለሁ። “እትዬ፣ የሌላዋ ልጅ ካላስተረጎመች ይበቃኛል” አለችኝ። አምናበት ይሁን አጽናንታኝ አላውቅም።

ፓነሎች ሁሉ እንዲህ ይሠራሉ ብዬ ማንንም አላታልልም። ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቱ የመረጣቸው ሰዎች መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውን ወረቀት እያነበቡ ቡና የሚጠጡባቸው ናቸው። የእኛም ከዚያ የሚሻለው አንዳንድ ወር ብቻ ነው። ወላጅ ሆኖ ምርመራ ያየ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብርቅ ነው፤ ስደተኛ ወላጅማ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ሲያትል፣ አትላንታ፣ ዳላስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የምትኖሩበት ግዛት ሁሉ እንዲህ ያለ ፓነል አለው። የዓመት ሪፖርቱ የሕዝብ ነው፤ ጠይቃችሁ አንብቡት፤ ግዛቱ የሰጠውን የጽሑፍ መልስም አብራችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛዬ አይመችም አትበሉ፤ የእኔም አይመችም። ወደ ካውንቲያችሁ ወይም ወደ ግዛታችሁ ደውላችሁ ፓነሉ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ክፍት ወንበር እንዳለ ጠይቁ። መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ ደብዳቤ ያለው ሰውም ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ከፍቶ ለሚያነብለት ሰው ያሳይ፤ ቀኑ እየተቆጠረ ነው።